የኦርድጋር ማጅራት

ኖርማኑ ሹም ፉልክ ከፈረሱ ሳይወርድ በአለንጋው ጫፍ ወደ ሬሳው ጠቆመና፣ በተሰባበረ አነጋገር፣ «ይሄ ሰውዬ የእኛ ናት» አለ።

ኤልዊን ባሏን ከቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ሥር በሸምበቆ ምንጣፍ ላይ አስተኝታ የእግሩን ጭቃ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች ነበር። ቀና ብላ አየችው። ከጎሕ ጀምሮ የሰማችው ነገር ሁሉ ትዕግሥቷን አሟጦት ስለነበር ይህን ሰው ለመፍራት የሚሆን ጉልበት አልተረፋትም።

«የኔ ነው» አለችው። «ባሌ ነው። ኦርድጋር ይባላል። የተወለደው ከወፍጮው ጀርባ ነው፤ ከዚህ ሆነው ጣሪያው ይታይዎታል።»

ፉልክ ጣሪያውን አላየም። ከፈረሱ ወረደና ጎንበስ ብሎ የሟቹን ራስ በሁለት ጣቶቹ ወደ ጎን ዘወር አደረገ።

«ጺም፣ የለም። ፀጉር ከኋላ፣ አጭር። ልብስ፣ የጌታችን ፈረስ ቤት ልብስ። ግንባር ላይ ቁስል። ማን መታ? ማንም አያውቅም። እንግዲህ የእኛ ናት። መንደር ይከፍላል።»

ከኋላዋ የቆሙት የቶርንቢ ሰዎች አጉረመረሙ። አዲሱ ንጉሥ ባሕር ተሻግሮ አገሩን ከያዘ ወዲህ የወጣ ሕግ ነበር። ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ ሲገኝ፣ ሟቹ ኖርማን ነው ተብሎ ይቆጠራል፤ ሬሳው የተገኘበት መንደርም ሙሉ የደም ካሳ ይከፍላል። ሟቹ እንግሊዝ መሆኑን ከአባቱ ወገን አንድ ወንድ፣ ከእናቱ ወገን አንድ ወንድ ቀርበው በመሐላ ካረጋገጡ ግን ነገሩ በዚያው ይዘጋል፤ ሬሳውም ለቤተሰቡ ይሰጣል። ለንጉሡ ሹማምንት የሞተ እንግሊዝ ብዙም ጉዳያቸው አልነበረም።

«ጌታዬ፣ ማንም አልመታውም» አለች ኤልዊን። «ድልድዩ አንድ ሳንቃ ነው። ዘንቦ ነበር። አንሸራቶት ድንጋዩ ላይ ወደቀ።»

«አንቺ አየሽ?»

«አላየሁም።»

«ማን አየ?»

ማንም አላየም።

«እኔ እኮ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ፣ የትኛው ጥርሱ እንደሚያመው አውቃለሁ። ማን እንደሆነ ግን መናገር አልችልም?»

«ሚስት ዘመድ አይደለችም» አለ ፉልክ በሰለቸ ድምፅ። ከሚናገረው ሁሉ ያለ ስህተት የሚወጣው ይህ ብቻ ነበር፤ ደጋግሞ ሳይለው አልቀረም። «ነገ ቀትር፣ ሁለት ዘመድ፣ ሁለት መሐላ። ካልሆነ ሬሳ በጋሪ ወደ ምሽግ። እዚያ ይቀበራል፣ ከእኛ ሰዎች ጋር።»

ፈረሱን አዙሮ ሄደ።

ኤልዊን ጨርቁን ጨመቀች። በቤተ ክርስቲያኑ ሰሜን ግድግዳ ሥር ትንሿ ልጃቸው ሂልድ ተቀብራ ነበር። ያረፈች ዕለት ኦርድጋር ከመቃብሯ አጠገብ አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ በአራት ካስማ አጥሮ፣ «እዚህ ማንም እንዳይገባ» ብሏል። ከዚያ በኋላ ስለ ቦታው አንስቶ አያውቅም፤ በየጊዜው ካስማዎቹን ይቀይራል እንጂ።

«እኔ ድሮም ተናግሬያለሁ» አለ የወፍጮው ባለቤት ከኋላዋ። «እንግሊዝ ሆነህ እንደ ኖርማን ማጅራትህን አትላጭ፣ መዘዝ አለው ብዬዋለሁ። ስንት ጊዜ ነገርኩት!»

«አሁን ድገምለት» አለች ኤልዊን። «ዛሬ ዝም ብሎ ይሰማሃል።»

«እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነው። ደግሞስ ከወንዝ ማዶ ምን ሊሠራ ሄደ? ያውም የዓሣ ቅርጫት ይዞ። ከፋሲካ ጀምሮ ማዶውን ረግጦት አያውቅም። ሰው ያወራል…»

«ያውራ። ወሬ ለካሳው የሚረዳ ከሆነ በርቱ።»

እርግጥ ማጅራቱን የምትላጨው እሷ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ በርጩማ ደጃፍ ላይ ታወጣና ከአንገቱ ጀምራ ከጆሮዎቹ በላይ ድረስ በምላጭ ታጸዳው ነበር። በመንደሩ ለምን እንደሚላጭ ከሱ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። አፈር እስኪለብስ ድረስ ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል። ይህ አገር እንዲህ ነው፤ ሰዎቹ በተቀየሙ ቁጥር ይምላሉ፣ ሲታረቁም ይምላሉ፤ ከዚያ በየመሐላቸው ተጠልፈው ይወድቃሉ።

ከእናቱ ወገን የቀረው አጎቱ ቶኪ ብቻ ነበር። የሚኖረው በረግረጉ መሀል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ኤልዊን በጠፍጣፋዋ ጀልባ ስትደርስ፣ እባብ የሚመስለውን የረግረጉን ዓሣ በጭስ ላይ ይሰቅል ነበር። መርዶውን ሰምቷል። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ሳትጠይቀው ግን፣ «ጭሱ ነው» አላት።

«አጎቴ፣ ነገ መጥተው እንዲምሉልኝ ፈልጌ ነው።»

«ለኦርድጋር? በፈለግሽው እምላለሁ! ምን ብዬ?»

«እንግሊዝ ነው ብለው።»

ቶኪ የያዘውን ዓሣ አስቀመጠ። «እሱንስ አልልም።»

«ምን?»

«የእህቴ ልጅ ነው አይደል? እህቴ እንግሊዝ አይደለችም። እኔም አይደለሁም። አያቴ የዘንዶ ራስ በተቀረጸባት መርከብ ከሰሜን የመጣ ቫይኪንግ ነው! ያንን ቤተ ክርስቲያን ያቃጠለው ማን መሰለሽ?»

«እሳቸው ናቸው። በየገናው ይነግሩናል።»

«ታዲያ!»

«መልሰው የሠሩትም እሳቸው ናቸው። አማታቸው ካልሠራህ ልጄን አልሰጥህም ስላሏቸው።»

ቶኪ ጠረጠራት። «ይህን ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ። ጠላ ሲጠጡ።»

«ውሸቴን ነው።»

«አጎቴ፣ እርስዎ በጀልባ ከዚህ እስከ ወፍጮው ሲሄዱ እንኳ ያስመልስዎታል። የምን የሰሜን ባሕር ነው?»

«እሱ የሆድ ነገር ነው፤ ከዘር ጋር አይገናኝም። ስሚ ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን ያልሆንኩትን ነገር በስተርጅና ሆንኩ ብዬ ብምል የአያቴ አጥንት ይወቅሰኛል። መምጣቱን እመጣለሁ። ቃሏን ግን አልላትም።»

ስትነሣ አንድ ትልቅ ዓሣ ጠቅልሎ ሰጣት። «ምንም አልበላሽም፤ ፊትሽ ያስታውቃል» አላት። ኤልዊን በዚህ ሰው ልታለቅስበት ይሁን ልትጮህበት ግራ ገባት። ዓሣውን ተቀብላ ሁለቱንም ሳታደርግ ሄደች።

ዋርሳዋ፣ የኦርድጋር ወንድም ዊስታን፣ በወንዙ ማዶ ያርስ ነበር። መምጣቷን እያየ በሬዎቹን አላቆመም። እሷም ጫማዋ ጭቃ እየጠጣ በትልሙ ተከተለችው።

«ዊስታን፣ በሬዎቹን አቁማቸው።»

«ለምን እንደመጣሽ አውቃለሁ።»

«ካወቅህ አቁማቸው።»

አቆማቸው። ወደ እሷ ግን አልዞረም፤ ከበሬው ጀርባ ጋር የሚነጋገር ይመስል ነበር። «ምያለሁ። በፋሲካ፣ በመሐላው ሣጥን ውስጥ ባለው በቅዱሱ ጣት ዐፅም ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ወንድም የለኝም ብያለሁ። ነገ ተነሥቼ ወንድሜ ነው ብዬ ብምል አንዱ መሐላዬ ውሸት ነው። መሐላው የወደቀ ሰው በዚህ አገር ምን እንደሚሆን አንቺ አታጪውም። ላሜ ብትሰረቅ እንኳ የኔ ናት ብዬ መማል አልችልም። ልጆቼንም ማንም አያምናቸውም።»

«እና ወንድምህ ከማያውቃቸው ሰዎች መሀል ይቀበር?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ታዲያ ምንድን ነው ያልከው?»

«ምንም አላልኩም! ሁሉም ነገር ተብሎ አልቋል ነው የምልሽ።» በሬውን በከንቱ ገፋው። «የጠላቶቻችን ፈረስ ቤት ገብቶ ማገልገሉን ችያለሁ። ሰው መብላት አለበት። ግን እንደነሱ ተላጭቶ፣ አባታችን በእነሱ እጅ ሞቶ እያለ፣ በበዓል ቀን፣ አጠገቤ ሊቆም ሲመጣ… ለምን ይሄን ታደርጋለህ ብዬ ጠየቅሁት። በሰው ፊት ጠየቅሁት። ዝም አለኝ እኮ! አንዲት ቃል!»

ኤልዊን መልሱን ታውቀው ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ቢያንስ መጥተህ እየው» አለችው።

«አላየውም» አለ ዊስታን። «ካየሁት እምላለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሬሳውን ልትገንዝ ለብ ያለ ውኃ ይዛ መጣች። የመንደሩ ቄስ አባ ዊንሲ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ሌሊቱን ሲጸልዩ ያደሩ መስለው እንቅልፍ አሸልቧቸው ነበር። የቅርጫት ድምፅ አነቃቸው፤ ኤልዊን ትናንት ከኦርድጋር ጋር የተገኘውን የዓሣ ቅርጫት በእግሯ ገፍታ ለባልዲዋ ቦታ እያበጀች ነበር።

«አባ፣ መሐላ ይፈታል?»

«የማንን?»

«የዊስታንን።»

«እኔ አልችልም። ጳጳሱ ዘንድ ሄዶ…»

«ቀትር ሳይሆን?»

ቄሱ ፊታቸውን በእጃቸው አሹ። «አንቺ ልጅ፣ እኔን አትቆጪኝ። እኔ ቃሉን ማስደገም ነው ሥራዬ። ያን ዕለትም ተው ብዬዋለሁ። ተቆጥቶ የሚምል ሰው ቶሎ አይመለስም፤ ስለዚህ ቢያንስ ልክ አብጅለት አልኩት። አበጀለትም።»

ኤልዊን የኦርድጋርን ራስ በግራ እጇ አንሥታ ፀጉሩን ታጥብ ነበር። «የምን ልክ?»

«የመሐላውን ነዋ። ‹ማጅራቱ እንደ ኖርማን የተላጨ እስከሆነ ድረስ ወንድም የለኝም።› ያለው ይህን ነው። እኔ አስደግሜዋለሁ። ሰው ግን የመጨረሻዋን ብቻ ይዞ ሄደ። እሱም ራሱ ይህችኑ ብቻ ነው ሲደጋግማት የከረመው። ምን ይጠቅማል ታዲያ፣ ሰውየው እንደተላጨ ሞተ።»

እጇ ቆመ።

ከመዳፏ ሥር፣ ምላጭ ሲያልፍበት በኖረው ቦታ፣ ፀጉር ነበር። አጭር ነው፤ ከላይኛው ጋር ሲተያይ ገና የታጨደ ማሳ ይመስላል። ግን የበቀለ፣ በጣት የሚያዝ፣ እርጥብ ፀጉር ነበር።

የጸደዩ ቅዳሜዎች ሁሉ ትዝ አሏት። በርጩማውን ስታወጣ፣ «ዛሬ ይቅር፣ ለሚመጣው ቅዳሜ» ይላታል። በሚመጣውም ያንኑ ይላል። ስንፍና መስሏት ነበር። የፈረስ ቤቱ አለቃ ሁለት ጊዜ እንደገሠጸው ሰምታ፣ «ግማሹ የተሸለተ በግ መስለሃል፣ ሥራህን ልታሳጣን ነው?» ብላ ተቆጥታዋለች። እሱ ሳቀና ማጅራቱን ዳሰሰ። «ትንሽ ይቀረዋል» አለ። ያን ጊዜ ምን እንደሚቀረው አልጠየቀችውም።

ወደ ቅርጫቱ ዞር ብላ አየች። ዊስታን የሚወደውን ወፍራሙን ዓሣ ነበር የያዘው፤ እሷ ራሷ ያጨሰችውን። ከማዶ ምን ሊሠራ ሄደ ይሏታል!

«አንተ ሰው» አለችው ባሏን በቀስታ፣ «አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ምን አልሽ?» አሉ አባ ዊንሲ።

«ለእርስዎ አይደለም፣ አባ።»

ፉልክ ቀትር ላይ ጋሪ አስከትሎ መጣ። መንደርተኛው ተሰብስቦ ነበር። ዊስታን ከሁሉም ኋላ፣ ዛፍ ሥር፣ ለበረንዳው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አጎት ቶኪ ደግሞ ከጀልባው ገና መውረዱ ስለነበር ፊቱ አመድ መስሏል።

«አንተ፣ ሽማግሌ» አለ ፉልክ። «የዚህ ሰው ምን?»

«የእናቱ ወንድም።»

«እንግሊዝ ነህ?»

ኤልዊን ቶኪን በዓይኗ ለመነችው። ቶኪ ደረቱን ነፋ። «እኔ? እኔ የሰሜን ሰው ዘር ነኝ! አያቴ በዘንዶ ራስ መርከብ…»

የፉልክ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። «የእኔም አያት አያት! ከሰሜን! በመርከብ!»

«አትለኝም!»

«ቤተ ክርስቲያን አቃጥላለች!»

«ዘመዴ!» ቶኪ ሹሙን እቅፍ አደረገው። ወታደሮቹ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። ፉልክ የሽማግሌውን ጀርባ መታ መታ አደረገና ወደ ባለጋሪው ዞረ። «አላልኩም? ሟች የእኛ ዘር ናት። ጫን።»

ከሕዝቡ መሀል የወፍጮው ባለቤት፣ «ኧረ በማርያም፣ እኚህን ሰውዬ አንድ ሰው ዝም ያሰኝልን!» ብሎ ጮኸ። ኤልዊን ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ፉልክ ፊት ቆማ ነበር።

«ጌታዬ፣ በአያት ከሄድን ሁላችንም ከአንድ ቦታ ነን፤ እርስዎም ካሳውን ለራስዎ ይከፍላሉ። አያቱን ተዉት። ሟቹ ከንጉሡ ጋር ባሕር ተሻግሮ መጣ ወይስ እዚሁ ነበር ብለው ይጠይቁ። ሕጉ የሚፈልገው ይህን አይደለም?»

ፉልክ አሰበ። ሆዱ ጮኸ፤ ሁሉም ሰማው። ወደ ቶኪ ዞሮ እንደተባለው ጠየቀ።

«ኦርድጋር? በባሕር?» ቶኪ የተሰደበ ያህል ተቆጣ። «የመጣው በእህቴ አልጋ ነው! በር ላይ ቆሜ ለቅሶውን ሰምቻለሁ። ከዚህ ረግረግ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ!»

«ይምላሉ?» አለች ኤልዊን።

«ለዚህማ ሁለቴ እምላለሁ!»

«አንዴ በቂ» አለ ፉልክ። ቶኪ በቅዱሱ ጣት ማለ። «ከአባትስ ወገን?»

ኤልዊን ሕዝቡን እየገፋች ዛፉ ሥር ደረሰች። ዊስታንን እጅጌውን ይዛ ጎተተችው።

«አልኩሽ እኮ፣ አልችልም።»

«በፋሲካ ያልካትን ሙሉዋን ንገረኝ።»

«ወንድም…»

«ከመጀመሪያው!»

ዊስታን ከንፈሩን አላወሰ። «ማጅራቱ እንደ ኖርማን የተላጨ እስከሆነ ድረስ…»

«ና።»

«ኤልዊን፣ ተላጭቶ አይቼዋለሁ…»

«መቼ? ወንዝ ማዶ ቆመህ? ና ብዬሃለሁ!»

ከዚህ በፊት ጮኻበት አታውቅም። እንደ ልጅ ተከትሏት መጣ። ምንጣፉ አጠገብ ሲደርስ ፊቱን ሊያዞር ሲል፣ አስጎነበሰችውና እጁን ወስዳ ከወንድሙ ራስ ሥር ከተተችው።

ዊስታን እጁን ለማውጣት አልሞከረም። ጣቶቹ በዝግታ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች ሄዱ።

«ይህ… ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ጸደዩን ሙሉ። ሲያሳድገው ነበር። ደግሞ ያ ቅርጫት ለማን ይመስልሃል? ሰው ሁሉ ለሴት ነው እያለ ሲያማው ነው የዋለው።»

ዊስታን ቅርጫቱን አየ። ዓሣው ወፍራም ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ለምን ቀደም ብሎ አልመጣም?» አለ።

«ልክ እስኪሆን እየጠበቀ ነዋ! ምላጭ ነክቶታል እንዳትለው። የአንድ እናት ልጆች አይደላችሁ? አንዱ ከመሐላው አይወርድ፣ ሌላው ፀጉሩ እስኪያድግ አፉን አይከፍት!»

አባ ዊንሲ ቀርበው ማጅራቱን አዩ፤ ፉልክንም ጠርተው አሳዩት። የዊስታን መሐላ ልኩ ላይ ደርሶ እንዳለቀ በሕዝቡ ፊት ተናገሩ። ፉልክ ነገሩ በደንብ አልገባውም። ግን የመሐላው ሣጥን ቀርቦ፣ ዊስታን እጁን ጭኖ፣ «ኦርድጋር ወንድሜ ነው። የአባቴ ልጅ ነው። የዚህ አገር ሰው ነው» ሲል፣ ይህኛው ገባው። ለባለጋሪው ምልክት ሰጠ። ጋሪው ባዶውን ዞረ።

«ዘመዴ፣ ሳትበላ ልትሄድ ነው?» አለ ቶኪ ከኋላው።

ዊስታን መቃብሩን ራሱ ቆፈረ፤ ማንንም አላስነካም። አራቱን ካስማዎች ሲነቅል አንዱ አዲስ መሆኑን አይቶ ወደ ኤልዊን ቀና አለ። እሷ ወደ ሂልድ በኩል ነበር የምታየው። ምንም ሳይጠይቅ ካስማዎቹን ከግድግዳው አስደግፎ ቁፋሮውን ቀጠለ።

አፈሩ ከተመለሰና ሰዉ ከተበተነ በኋላ ኤልዊን አካፋውን ከእጁ ተቀበለችው። ከእግሯ ሥር ያለው አፈር በሙሉ ገብቶ እንደሆነ አየች። ገብቷል።

«ቅማል ነው» አለችው።

«ምን?»

«የተላጨበት ምክንያት። ፈረስ ቤቱ ቅማል ገብቶት፣ የሚሠሩትን ሁሉ ከኋላ ተላጩ ብለው አዘዙ። ኖርማን ለመምሰል አልነበረም።»

ዊስታን አፉን ከፍቶ ቀረ። «ታዲያ ስጠይቀው ለምን አልነገረኝም?»

«በፋሲካ ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያን መሀል፣ ሰው ሁሉ አዲሱን ለብሶ፣ ‹ቅማል ይዞኝ ነው› ይበልህ? አንተ ትል ነበር?»

ዊስታን መቃብሩን አየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ ቀጥሎ ሌላ ሆነ። ኤልዊን ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ፣ ጊዜ ሰጥታው ቆየች።

«እኔ ለበሬዎቹ የሚሆን ቅባት ነበረኝ እኮ» አለ፣ ሲረጋጋ። «ቅማል የሚገድል። ግማሽ ማሰሮ ሙሉ።»

«አውቃለሁ» አለች ኤልዊን። «በቃ፣ ና እንሂድ፤ ቶኪ ከእኔ ቤት ቁጭ ብለው የዓሣውን ግማሽ ሳይጨርሱት።»

ቶኪ እውነትም ግማሹን ጨርሶ ነበር። ሁለቱም እስኪመሽ አልተነሡላትም፤ ስለ ኦርድጋር ሲያወሩ፣ በየወሬው ሲጣሉ፣ አንዱ የሌላውን ሲያርም ቆዩ። እሷ ዳቦ ቆረሰች፣ ጠላ ቀዳች፣ አዎ አለች፣ አይደለም አለች። ማታ በሩን ከኋላቸው ዘጋች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ሥራዋን ጨርሳ፣ ሳታስበው በርጩማውን ደጃፍ ላይ አወጣች። ምላጩንም ይዛ ወጥታ ነበር። ቆመች። በራሷ ተናደደች፤ ምላጩን መደርደሪያው ላይ መልሳ በርጩማውን ልታስገባ እጇን ዘረጋች።

ፀሐዩ ገና አልጠለቀም። ከወንዙ ማዶ ዊስታን በሬዎቹን ሲቆጣ ይሰማታል። በርጩማውን ባለበት ተወችና ተቀመጠችበት።